ነጭ ያበበው ቢጫ ጽጌረዳ

ለጀማሪ አትክልተኞች፣

ባለፈው ሳምንት ከአንዲት ወጣት ጥያቄ ደረሰኝ። «የድሮ ዝርያ የሆነ ቢጫ ሐረግ ጽጌረዳ ከተከልኩ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ቁመቱ ጣሪያ ደርሷል፤ የሚያብበው ግን ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ብቻ ነው፣ እሱም ዝናብ ሲነካው ሳይፈነዳ ይበሰብሳል። ከሥሩ ቆርጬ እንደ አዲስ ላስጀምረው?» ትላለች። አትቁረጪው ብዬ በአንድ መስመር መመለስ እችል ነበር። ሁለት ቀን ሳልመልስላት ቆየሁ። «ከሥሩ ቆርጬ» የምትለው ቃል ከ40 ዓመት በፊት ትቼው የመጣሁትን ግድግዳ ፊቴ አቆመችው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሙያውን የተማርኩት ሞቃትና ደረቅ አገር፣ ቁጥቋጦ ጽጌረዳ በሚያመርት እርሻ ላይ ነበር። እዚያ ሕጉ አንድ ነው፤ በዓመት አንዴ ሁሉንም ጉልበት ድረስ ትገርዛለህ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአበባ ይሞላልሃል። እጄ ፈጣን ነበር፣ በቀን ስንት እግር እንደገረዝኩ እየቆጠርኩ እኮራ ነበር። ከዚያ ብርድና ዝናብ ወደሚበዛበት አገር ሄድኩና የአንዲት አረጋዊት እመቤት አትክልት ቦታ ኃላፊ ሆንኩ።

ፀሐይ በሚያገኘው የቤቱ ግድግዳ ላይ ማሬሻል ኒየል የተባለ የድሮ ቢጫ ሐረግ ጽጌረዳ ወጥቶ ነበር። ግንዱ ከክንዴ ይወፍራል፣ ቅርፊቱ ግራጫና የተሰነጣጠቀ ነው፣ ከመሬት እስከ ወገቤ አንድ ቅጠል የለውም። ሟቹ ባለቤታቸው በተጋቡ በዓመቱ እንደተከሉት ሰምቻለሁ። እሳቸው ስለ ጽጌረዳው ብዙ አያወሩም፤ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ቆመው ቀና ብለው ያዩታል፣ ይሄዳሉ። የዚህ ዝርያ አበባ አንገቱ ደካማ ስለሆነ ወደ ታች ይደፋል። እኔ ይህን ጉድለት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። አሁን ሳስበው ከሰው ቁመት በላይ ለሚያብብ ተክል ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም፤ ከታች የቆመ ሰው ፊት ለፊት ያየዋል፣ የሻይ ቅጠል የሚመስለው ሽታም ወደ እሱ ይወርዳል። እመቤቲቱ ለምን እዚያ እንደሚቆሙ ለመገመት እንኳ አልሞከርኩም።

በመጀመሪያው ዓመቴ የአበባው ወቅት ዝናብ ብቻ ሆነ። እንቡጦቹ ጠግበው ወጡ፤ ዝናቡ ሲደጋገምባቸው ውጪኛዎቹ ስስ የአበባ ቅጠሎች እርስ በርስ ተጣበቁ፣ እንደ ረጠበ ወረቀት ቡናማ ሆኑ፣ እንቡጡ እዚያው እንደተቋጠረ ሻገተ። አንዱን ቆርጬ የላዩን ቡናማ ሽፋን በጥፍሬ ሳላቅቀው ውስጡ ንጹሕ ቢጫ ነው፤ በሥርዓት የታጠፈ፣ የሚሸት። ታፍኖ እንጂ ታሞ አልነበረም። ያየሁትን ግን አላሰብኩበትም። «አርጅቷል» አልኩ።

በብርዱ ወራት መሃል ሳይታሰብ የሳምንት ፀሐይ ወጣ። እመቤቲቱ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። መጋዙን አውጥቼ ግንዱን ከጉልበቴ በታች ቆረጥኩት፤ የቆረጥኩትንም እዚያው ሰብስቤ አቃጠልኩት። ቢኖሩም አልጠይቃቸውም ነበር፤ ባለሙያው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ሙቀቱ የቀረውን ጉቶ አነቃው፣ ቀይ ነጥብ የመሰሉ ቡቃያዎች ከቅርፊቱ ብቅ አሉ። ከዚያ ውርጭ መጣ፣ ሌሊት በሌሊት ተከታትሎ መጣ። ቡቃያው ጠቆረ። ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ፋቅ ሳደርገው አረንጓዴ መሆን የነበረበት የሻይ ቀለም ይዟል።

ብርዱ ሲያልፍ ከመሬት ሥር ጠንካራ አረንጓዴ ዘንግ ወጣ፣ በሁለት ወር ቁመቴን አለፈ። ሮጬ ሄጄ «እትዬ፣ ተርፏል! እንደገና ወጣት ሆኗል!» አልኳቸው። ሁለት እጄን ይዘው አመሰገኑኝ።

ሙቀቱ ሲበረታ ዘንጉን ከግድግዳው ላስር ጎንበስ ስል የቅጠሉ እግር ላይ ዓይኔ አረፈ። በጽጌረዳ ቅጠል እግር ግራና ቀኝ ትንሽ ክንፍ አለች። የማሬሻል ኒየል ክንፍ ጠርዟ ብዙም አልተሰነጣጠቀም። የዚህኛው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሸነሸነ ነበር። ይህ የሮዛ መልቲፍሎራ ምልክት ነው፤ ቢጫው ጽጌረዳ ግራፍት የተደረገበት፣ ማለትም ተቆርጦ የተጋጠመበት፣ የሥሩ ዝርያ ማለት ነው። ማሬሻል ኒየል ሞቷል፣ የሚያድገው ተሸካሚው ነው። ይህን ተምሬዋለሁ፣ በደንብ አውቀዋለሁ። ማሰሪያውን አስሬ ጨረስኩና ዝም አልኩ። በማግስቱም ዝም አልኩ፤ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልኩ። እሳቸው በየጠዋቱ እየመጡ ያንን ለጋ ዘንግ ቀና ብለው ያዩ ነበር። በዓመቱ ዘለላ ዘለላ እያለ ትንንሽ፣ ባለ አምስት ቅጠል ነጭ አበባ አበበ። ከሥሩ ትንሽ ቆዩ። «ይሄ እሱ አይደለም» አሉኝና ወደ ቤት ገቡ። አልተቆጡኝም፣ ከሥራም አላባረሩኝም። በዚያ በኩል ሲያልፉ ግን ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ለመቁረጤ ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ አለማወቅ ነበር። ያቺን ክንፍ አይቼ አፌን የዘጋሁበትን ዓመት ይቅር ማለት አልቻልኩም። ካቃጠልኩት ክምር ውስጥ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው አሥር ቅንጥቦች አስቀርቼ እርጥብ አሸዋ ላይ ብሰካቸው ኖሮ አንዱ ሥር ሊሰድ ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ እርጅና የተጫነውን ተክል ሳልቀነጥብለት ነክቼ አላውቅም።

ስለዚህ ዝርያ በወጉ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማሬሻል ኒየል በ1864 እ.ኤ.አ. ደቡብ ፈረንሳይ ሞንቶባን ውስጥ ፕራዴል በተባለ አትክልተኛ እጅ የወጣ ነው፤ ስሙ የፈረንሳዩ ማርሻል አዶልፍ ኒየል ነው። ኗዜት ከሚባለው ቤተሰብ ይመደባል። ይህ ቤተሰብ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ቻርልስተን አካባቢ ነው፤ ጆን ቻምፕኒስ የተባለ የሩዝ እርሻ ባለቤት እጅ ላይ ሚስክ ጽጌረዳና የቻይና ጽጌረዳ ተዳቀሉ። ቢጫው ቀለም በኋላ ከቻይና በ1824 እንግሊዝ ከገባው ቢጫ የሻይ ጽጌረዳ መጣ። የዘር ግንዱን ስትመለከቱት በረዶ ውስጥ ያደገ ወገን የለውም። እንግሊዞች በቪክቶሪያ ዘመን የመስታወት ቤት ውስጥ ያስገቡት በቅንጦት ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ የአንዱ አገር መጽሐፍ ለሌላው አገር ግድግዳ አይሆንም። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚያልፍበት ቦታ የዚህ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ይጎዳል፤ ግራፍት የተደረገ ከሆነ መጋጠሚያውን ከአፈር በታች ቅበሩት፣ ላዩ ቢሞት ከራሱ እንጨት እንዲያቆጠቁጥ። መግረዝ ካለባችሁ ውርጩ ማለፉን አረጋግጡ። ሞቃትና ደረቅ ቦታ ቤቱ ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው የግድግዳው ሥር መድረቁ ነው። ሥሩ ሲጠማ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣል፣ ሰው ደግሞ መድኃኒት ይረጫል፤ የሚፈልገው ግን ጠልቆ የሚገባ ውኃና ወፍራም ጉዝጓዝ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ጥቁር ነጠብጣብ ይመጣል፤ ቅጠሉ ለሰዓታት ረጥቦ ሲቆይ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ውኃ ከላይ አታፍስሱበት፣ ንፋስም ይግባው። አሸዋማ አፈርና የሥር ትል ያለበት ሞቃት አገር ከሆነ ፎርቹኒያና በሚባለው ሥር ላይ ግራፍት የተደረገውን ፈልጉ። ብርድ ጭራሽ በሌለበት ደግሞ ተክሉ አይተኛም፤ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል፣ ከእያንዳንዱ የአበባ ዙር በኋላ ትንሽ ትንሽ ማስተካከል ይበቃል። ማዳበሪያና ኩትኳቶ እዚህ አልጽፍም፣ እሱን ሁሉም ይነግራችኋል።

ስለ ዝናብ ሳነሳ የማልረሳው ሌላ አበባ አለ። ሱቬኒር ደ ላ ማልሜዞን የሚባለው ፈዛዛ ሮዝ ቀለም ያለው የ1843 ጽጌረዳ እርጥብ አገር ላይ ሁልጊዜ ተቋጥሮ ሲበሰብስ ነበር የማውቀው፤ ከንቱ ዝርያ እለው ነበር። አንድ ዓመት ደረቅ አገር ስሠራ ከጣሪያ ጣሪያ የወጣውን ሐረጉን አየሁት። አበባው እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ተከፍቶ፣ መሃሉ አራት ቦታ ተከፋፍሎ። የዚያን ቀን ሥራዬን ትቼ ከሥሩ ተቀመጥኩ።

ስለ እናንተ ትውልድ ደስ የማይለኝን ልናገር። ቅጠሉን በስልክ ታነሳላችሁ፣ መተግበሪያው የበሽታ ስም ይነግራችኋል፣ ተክሉን ግን አንድ ቀን ሙሉ አላያችሁትም። ሦስት ዓመት ለዚህ ዓይነት ጽጌረዳ ልጅነት ነው፤ እናንተ እንደ ዘላለም ትቆጥሩታላችሁ። በሌላ በኩል ይህቺ ልጅ ከመቁረጧ በፊት ጠይቃለች፤ እኔ በእሷ ዕድሜ አልጠየቅኩም። ይህን ሳስብ ወቀሳዬን ግማሹን እመልሳለሁ። ደግሞ አሮጌ ሐረግ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም እያልኩ ባለፈው ዓመት ግሎር ደ ዲዦን የተባለውን የራሴን ሐረግ ጽጌረዳ ግማሹን በአንድ ቀን አወረድኩት፤ ዘንድሮ ከምንጊዜውም በላይ አብቧል። ብርድ የሚችል ዝርያ ነው፣ ከራሱ ሥር የበቀለ ነው፣ ሃያ ዓመትም አውቀዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወደ አንቺ ልጄ። ጫፉ ላይ ብቻ ያበበው ቀጥ ብሎ ስለቆመ ነው። ከጫፉ ወደ ታች የሚወርደው ኦክሲን የተባለ የዕድገት ንጥረ ነገር የጎን ዓይኖቹን፣ ማለትም ገና ያልፈነዱትን ቡቃያዎች፣ ያስተኛቸዋል። ዘንጉን ወደ ጎን አጋድመሽ ስታስሪው እነዚያ ዓይኖች ይነቃሉ፣ አጫጭር የጎን ቅርንጫፎች ያወጣሉ፣ አበባው እነሱ ላይ ነው። በአንድ ቀን አታጉብጪው፣ ይሰበራል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ በለስላሳ ጨርቅ እሰሪ። ለዝናቡ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወዳለው ክፍል አጋድሚው። መቀሱን ለደረቀ እንጨት ብቻ አንሺ።

ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ አንድ ቅጠል እግሩ ድረስ ቅርብ አድርገሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ክንፏ እንደ ማበጠሪያ ከሆነች በዚያው ቀን እነግርሻለሁ።