ወደ ቪፒኤስ ከመዛወርዎ በፊት ዶሜይኑንና ኢሜይሉን ያስተካክሉ

«ጅማ ላይ የአራት ደንበኞችን ድረ ገጽ በሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ደንበኞች በሚጋሩት ሰርቨር) ይዣለሁ፤ በጣም ስለተንቀራፈፉ ወደ ቪፒኤስ (ለብቻ ወደሚከራይ ምናባዊ ሰርቨር) ላዛውራቸው ነው፤ የትኛውን ሰርቨር ልግዛ?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን። እኔም እዚሁ ጅማ የሆቴሎችንና የቡና ላኪዎችን ድረ ገጾች አዛውሬአለሁና፣ ከሰርቨሩ ምርጫ በፊት የሚቀድመውን ልንገርዎ።

1. እያንዳንዱ ዶሜይን (የድረ ገጹ የኢንተርኔት ስም) በማን ስም እንደተመዘገበ ዛሬውኑ ያጣሩ። አንድ ቡና ላኪ ደንበኛዬ የዶሜይኑን ክፍያ በየዓመቱ ሳያጓድል ሲከፍል ኖሮ፣ ለካ የሆስቲንግ ድርጅቱ ያስመዘገበው በራሱ ስም ነበር። የዲኤንኤሱን (ዶሜይኑን ወደ ሰርቨሩ የሚመራውን ሥርዓት) መግቢያ ስንጠይቅ መጀመሪያ ዝም አሉን፤ ቀጥሎ «ኃላፊው የሉም» ተባልን፤ በመጨረሻም ስልኩን ያነሳው ሰው «ከእኛ ጋር ካልቀጠላችሁ ዶሜይኑ ምን ይሠራላችኋል?» ብሎ ዘጋብን። የዓለምን የዶሜይን ስሞች በሚያስተባብረው በአይካን ደንብ የነጥብ ኮም ዶሜይን ሬጅስትራር (መዝጋቢ ድርጅት) የማዛወሪያውን ኮድ በተጠየቀ በ5 ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት፤ ደንቡ የሚጠብቀው ግን ስሙ በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ሰው ነው። ስለዚህ ደንበኛዬ ደረሰኞቹንና የንግድ ፈቃዱን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ደጅ መጥናት ነበረበት። ገዢዎቹ የሚያውቁት በዚያ አድራሻ ነውና፣ የገዛ ስሙን እንዲህ መለመኑ እስካሁን ያናድደኛል። እርስዎ የመዛወር ሐሳብዎን ለድርጅቱ ከመናገርዎ በፊት መግቢያውን ይረከቡ።

2. ኢሜይሉን አይርሱ። ብዙዎች «ኤ ሪከርዱን (ዶሜይኑን ከሰርቨሩ የአይፒ አድራሻ ጋር የሚያገናኘውን የዲኤንኤስ መስመር) ብቻ ከቀየርኩ ኢሜይሉ ባለበት ይቆያል» ይላሉ። ሲፓነል የተባለው የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ግን ሲዋቀር ኤምኤክስ ሪከርዱን (ኢሜይል ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረውን መስመር) ወደ ዶሜይኑ ራሱ ስለሚጠቁመው፣ ኤ ሪከርዱ ሲቀየር ደብዳቤው ሁሉ የመልእክት ሳጥን ወደሌለው አዲሱ ሰርቨር ይሄዳል። እኔ አስቀድሜ «ሜይል» በሚል ንዑስ ስም ለአሮጌው አይፒ የራሱን ኤ ሪከርድ እከፍትና ኤምኤክሱን ወደዚያ አዞራለሁ። አሮጌውን ሆስቲንግ ሲያቋርጡ ግን ሳጥኖቹም አብረው ይጠፋሉና፣ ለኢሜይሉ ሌላ አገልግሎት ይግዙለት፤ ብዙ የቪፒኤስ ድርጅቶች 25ኛውን ፖርት (ሰርቨር ኢሜይል የሚልክበትን በር) ስለሚዘጉ ከራስዎ ሰርቨር ልላክ ማለት ድካም ነው።

የሆቴሎቹን ድረ ገጾች ሳዛውር ክፍል ማስያዣው ለአፍታም አልተቋረጠም፤ በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ። ምስጢሩ ከዋዜማው ቲቲኤሉን (የድሮው የዲኤንኤስ መረጃ በሌሎች ዘንድ ተቀምጦ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ ማውረድና፣ በራስዎ ኮምፒውተር የሆስትስ ፋይል (ኮምፒውተሩ ከዲኤንኤሱ በፊት የሚያየው የአድራሻ ዝርዝር) ላይ ዶሜይኑን ከአዲሱ አይፒ ጋር ጽፎ ሁሉንም ገጽ አስቀድሞ መፈተሽ ነው። ስትፈትሹ ደግሞ አማርኛውን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ዳታቤዙ ሲገለበጥ የፊደል ኮዱ ከተሳሳተ ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከባክአፕ በቀር መመለሻ የለውም።

ስለ ሰርቨሩ፦ ብዙ ጎብኚ ለሌላቸው አራት የዎርድፕሬስ ገጾች 2 ጊጋባይት ራምና ኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ ማሻሻያ የሚያገኝ የሊኑክስ ስሪት) ያለው ቪፒኤስ ይበቃል። ፋየርዎሉን ከማብራትዎ በፊት ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት የሚቆጣጠሩበት መንገድ) የሚገባበትን 22ኛውን ፖርት ይፍቀዱ፤ አለበለዚያ ከራስዎ ሰርቨር ውጭ ይቀራሉ።