ስለ ኮንትራ 4 ጥያቄና መልስ፦ ሁለት ስክሪንና በመካከላቸው ያለው ክፍተት

በእጅ ይዘን ከምንጫወታቸው፣ እየሮጡ ከሚተኮስባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ኮንትራ 4ን ያህል ያስደሰተኝም ያናደደኝም የለም። ስለ ጨዋታው ጥንካሬና ድክመት ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ጥያቄ፦ ጨዋታውን ጭራሽ ለማናውቀው ምንነቱን ቢያስረዱን?

ኮንትራ 4ን የሠራው ዌይፎርዋርድ የተባለ ስቱዲዮ ሲሆን፣ የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ በ2007 ሁለት ስክሪን ላለውና በእጅ ለሚያዘው ኒንቴንዶ ዲኤስ አውጥቶታል። የመጀመሪያው ኮንትራ በ1987 በአርኬድ ማሽን (በሳንቲም በሚሠራ የጨዋታ ማሽን) ላይ ስለወጣ፣ ይህኛው የ20ኛ ዓመት መታሰቢያ ተደርጎ የተሠራ ነው። ወታደሩ ጠመንጃውን እንደያዘ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይተኩሳል፤ አንዲት ጥይት ከነካችው ይሞታል። ደረጃዎቹ 9 ናቸው። ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ስክሪኖች በአንድ ላይ መጠቀሙን ብዙ ሰው ያደንቃል። ምን የተለየ ነገር አለው?

የዚህ ዓይነት ጨዋታ በእጅ ወደሚያዝ መሣሪያ ሲመጣ የሚገጥመው ትልቁ ችግር የቦታ ጥበት ነው። የድሮው ጌም ቦይ ስክሪን 160 በ144 ፒክስል ነበር፤ ጌም ቦይ አድቫንስ ደግሞ 240 በ160። ወታደሩ በደንብ እንዲታይ ከተፈለገ ሥዕሉ ተለቅ ማለት አለበት፤ ሥዕሉ ተለቅ ባለ ቁጥር ግን በፊቱ የሚቀረው ባዶ ቦታ ያንሳል፤ ስለዚህ ጠላት ብቅ ከማለቱ ጥይቱ ደረት ላይ ይደርሳል። ተጫዋቹ የሚሞተው በስንፍናው ሳይሆን ማየት ባለመቻሉ ይሆናል ማለት ነው።

የዲኤስ ሁለት ስክሪኖች እያንዳንዳቸው 256 በ192 ናቸው። ብዙዎቹ ጨዋታዎች አንደኛውን ለካርታ ወይም ለዕቃ ዝርዝር ሲያውሉት፣ ኮንትራ 4 ግን ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ አንድ ረጅም የጦር ሜዳ አደረጋቸው። ወታደሩ ወደ ላይ የሚወነጨፍ መንጠቆ ስላለው፣ ታችኛው መንገድ ሲጨናነቅ ከላይ ባለው ድልድይ ላይ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ወደ ቀኝ መሮጥ ብቻ መሆኑ ይቀርና፣ በየቅጽበቱ «ከላይ ልሁን ወይስ ከታች?» እያሉ መወሰን ይጀመራል። በየደረጃው መጨረሻ የሚገጥሙን ግዙፎቹ አለቆች፣ ቦሶችም፣ ሁለቱንም ስክሪኖች ሞልተው ሲቆሙ፣ መዳፍ ላይ የሚያዝ መሣሪያ እየተጫወቱ መሆኑ ይረሳል። ከዚህ በፊት የወጡት የእጅ ኮንትራዎች ይህን ስሜት አልሰጡኝም።

ጥያቄ፦ እኔ ግን የምሞተው በዚያው በሁለቱ ስክሪኖች መካከል ባለው ክፍተት ምክንያት ነው። እኔ ብቻ ነኝ?

አይደሉም። ጨዋታው ካሉበት ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ከላይ ያመሰገንኩት ነገር የወለደው መሆኑ ነው። በሁለቱ ስክሪኖች መካከል የመሣሪያው ማጠፊያ አለ፤ ጨዋታው ያን ማጠፊያ እንደ እውነተኛ ቦታ ይቆጥረዋል። ከላይ የተተኮሰ ጥይት ወደ ክፍተቱ ሲገባ ይጠፋና ከአፍታ በኋላ በታችኛው ስክሪን አናት ላይ ይወጣል።

የፏፏቴውን ደረጃ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለልኩ ወደ ላይ ስወጣ፣ ከላይኛው ስክሪን ላይ አንድ ወታደር ቁልቁል ሲተኩስብኝ አያለሁ። ጥይቷ ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ እኔም ለመሸሽ በቂ ጊዜ እንዳለኝ አስብና ወደሚቀጥለው ድንጋይ እዘላለሁ። ዝላዬ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ጭንቅላቴ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ ጥይቷም እዚያው ነች። ማናችንንም ሳላይ የሞት ጩኸቱን ብቻ እሰማለሁ። ይህን ደረጃ ያለ አንድ ሞት ለመጨረስ ጥይቶቹን በዓይን መከተል ትቼ፣ በክፍተቱ ውስጥ የሚቆዩበትን ጊዜ በልቤ መቁጠር ነበረብኝ።

በሌላ በኩል ክፍተቱ ጭራሽ እንደሌለ ተደርጎ ቢሠራ ኖሮ፣ ሰያፍ የሚሄድ ጥይት ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲሻገር መስመሩ ለዓይን የተሰበረ ይመስል ነበርና፣ ሠሪዎቹ ከሁለት መጥፎ ነገሮች አንዱን ነው የመረጡት። ምርጫቸውን እረዳለሁ፤ ሆኖም ክፍተቱ ባለበት ከፍታ ላይ ጠላትና መርገጫ ባያበዙ ኖሮ ጉዳቱ በግማሽ በቀነሰ ነበር ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጨዋታው ከልክ በላይ ከባድ ነው የሚሉ አሉ። ክብደቱ ፍትሐዊ ነው?

በአብዛኛው ፍትሐዊ ነው፤ ከላይ ያነሣሁት ክፍተት ካልታከለበት በስተቀር። ጠላቶቹ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ስለሚወጡ፣ ትናንት የገደለኝ ነገር ዛሬ የሚመጣበትን አውቃለሁ። ሕይወትም ሆነ ኮንቲኒዩ (ሕይወት ካለቀ በኋላ የመቀጠል ዕድል) የተቆጠሩ ናቸው። ብዙዎቻችን በ1988 ለኔስ (ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኘው የኒንቴንዶ መሣሪያ) የወጣውን ኮንትራ የጨረስነው 30 ሕይወት በሚሰጠው ዝነኛ ኮድ እየታገዝን እንደነበር ከዘነጋን፣ ይህኛው አዲስ ጭካኔ ይመስለናል።

ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ የሚባሉ ሦስት እርከኖች አሉት። ለጀማሪ የምመክረው ቀላሉን ነው፤ በዚያ እርከን የሚነሡት የጦር መሣሪያዎች ከመጀመሪያው ኃይላቸው ከፍ ያለ ነውና እጅን ለማፍታታት ይጠቅማሉ። ወደ ከባዱ የሚገቡ ግን ተናደው ዲኤሳቸውን ከመወርወር ቢቆጠቡ ይሻላል፤ ማጠፊያው እንደሆነ አንዴ ከተሰበረ ሁለተኛው ስክሪንም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ከጦር መሣሪያዎቹ የትኛውን ይመርጣሉ?

እንደ ወትሮው አምስት ቦታ የሚበተነውን ስፕሬድ። አንድ ዓይነት መሣሪያ ሁለት ጊዜ ከተነሣ ኃይሉ ስለሚጨምር፣ ሁለተኛውን የስፕሬድ ምልክት ሳያገኙ መሄድ አይመከርም። ሁለት መሣሪያ በአንድ ጊዜ መያዝ ይቻላል፤ ሲሞቱ የሚያጡት በእጅዎ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ማምለጫ እንደሌለኝ ባወቅሁ ጊዜ፣ ጥይቱ ሳይደርስብኝ ደካማውን መሣሪያ ወደ እጄ አዛውራለሁ። ይህ ልማድ ከሆነ በኋላ ሞት ራሱ የስሌት ጉዳይ ይሆናል፤ ጨዋታውን ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ወታደሩ ከጀርባው የሚታይባቸው የዋሻ ደረጃዎችስ?

የመጀመሪያው ኮንትራ የሚያዝናኑ ትዝታዎች ናቸው፤ ከዚያ አያልፉም። በትንሽ ስክሪን ላይ ጥይት ምን ያህል እንደቀረበ መለየት ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ማድ ዶግና ስኮርፒዮን የሚባሉት ገጸ ባሕርያት ከየት መጡ? ሮቦቱስ?

የተከታታዩ ዋና ጀግኖች ቢል ራይዘርና ላንስ ቢን ናቸው። ማድ ዶግና ስኮርፒዮን ግን በአሜሪካው የኔስ እትም ላይ የእነዚሁ የሁለቱ ሰዎች ቅጽል ስሞች ነበሩ፤ ኮንትራ 4 ቅጽሎቹን ወስዶ ሁለት አዳዲስ ሰዎች አደረጋቸው። ሮቦቱ ደግሞ ተከታታዩ በአውሮፓ ፕሮቦቴክተር በሚል ስም፣ ሰዎቹ በሮቦት ተተክተው በተሸጠበት ዘመን የቀረ ነው። የሚገርመው ኮንትራ 4 በአውሮፓ ለሽያጭ አልወጣም፤ ሮቦቱ የገዛ አገሩን ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

እነዚህን ተጨማሪ ገጸ ባሕርያትና የቆዩትን የኔስ ጨዋታዎች፣ ኮንትራንና ሱፐር ሲን፣ ለማግኘት 40 አጫጭር ፈተናዎች ያሉበትን ክፍል መጫወት ያስፈልጋል። ያ ክፍል በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ ከዋናው ጨዋታ ይልቅ የሚመች ነው፤ ዋናው አንድ ጥሩ ሰዓት ተቀምጠው ሲጫወቱት ነው የሚጥመው፤ ፈተናዎቹ ግን ትንሽ ፋታ ሲገኝ ተጀምረው ያልቃሉ።

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለመጫወት አንድ ካርድ ይበቃናል?

አይበቃም፤ ሁለት ዲኤስና ሁለት የጨዋታ ካርድ ያስፈልጋችኋል። ይህን አንድ ትልቅ ድክመት እለዋለሁ፤ ምክንያቱም ለሁለት ሲጫወቱት፣ የጦር መሣሪያ ጥሎ ለጓደኛ መስጠት ስለሚቻል ጣዕሙ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ሜታል ስላግ አድቫንስ የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ይሻላል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ለተለያየ ዓላማ የተሠሩ ናቸው ይበሏቸው። በ2004 ለጌም ቦይ አድቫንስ የወጣው ሜታል ስላግ አድቫንስ፣ ስለ ስክሪን ጥበት ያነሣሁትን ችግር በሌላ መንገድ ለመፍታት ሞክሯል፤ በአንድ ጥይት መሞትን ትቶ የሕይወት መስመር አስገባ። ተጫዋቹ ያላየው ጥይት ቢመታውም ወዲያው አይወድቅም። በተጨማሪም 100 የሚሰበሰቡ ካርዶች አሉት፤ ይህ 5 ተልእኮ ብቻ ያለውን አጭር ጨዋታ ደጋግሞ ለመጫወት ምክንያት ይሰጣል። ነገር ግን የሕይወት መስመሩ ጥንቃቄን ያላላል፤ እኔ ራሴ ጥይት መሸሽ ትቼ በመካከሉ አቋርጬ ማለፍ ስጀምር ጨዋታው ጨው የሌለው ሆነብኝ። ለሁለት የሚጫወቱበት መንገድም የለውም።

በሌላ በኩል በ2002 ለዚያው መሣሪያ የወጣው ኤሊየን ዋርስ የተባለው የኮንትራ ጨዋታ ቅጂ፣ ለቴሌቪዥን ተሠርቶ የነበረን ሜዳ በጠባብ ስክሪን ላይ ስላሳየ፣ ያልታየ ጠላት የሚገድልበት ጨዋታ ሆኗል። ኮንትራ 4 ከሁለቱም የሚለየው ከመጀመሪያው ጀምሮ ለሚጫወትበት መሣሪያ ተብሎ በመሠራቱ ነው።

ጥያቄ፦ ንኪ ስክሪኑን ይጠቀማል?

በውጊያው ውስጥ አይጠቀምም፤ ደግ አደረገ። ጣት የሸፈነውን ጥይት ማን ያያል?

ጥያቄ፦ ዛሬ በምን ልጫወተው? ክፍተቱንስ የሚያቀል መሣሪያ አለ?

በ2019 በወጣው የኮንትራ ስብስብ ውስጥ አልተካተተም፤ ስለዚህ ዋናውን ካርድ መፈለግ ግድ ነው። ካርዱ በዲኤስ፣ በዲኤስ ላይት፣ በዲኤስአይና በ3ዲኤስ ይሠራል። ስክሪኑ ተለቅ ያለው ዲኤስአይ ኤክስኤል ጥይቶቹን ለማየት ይረዳል፤ ክፍተቱን ግን የትኛውም መሣሪያ አያጠፋውም። በፏፏቴው ላይ እየተቸገሩ ከሆነ፣ አንድ ነገር ይሞክሩ፦ መዝለል ከመጀመርዎ በፊት ከላይ ያለው ወታደር ተኩሶ እስኪጨርስ በታችኛው ስክሪን ላይ ቆመው ይጠብቁ፤ የመጨረሻዋ ጥይት ከክፍተቱ ወጥታ ካዩዋት በኋላ ይዝለሉ።