ጥያቄና መልስ፦ በነጻ የመጣ ብርና የሱቅ ዱቤ

ባለፈው ያለ ምንም ግዴታ ለድሃ ቤተሰብ ስለሚሰጥ ብር ጽፌ ነበር። ባጭሩ «ስጡ፣ ከዚያ እየተከተላችሁ አትቁጠሩባቸው» ነው ያልኩት። ደብዳቤው ጎረፈ። ግማሹ ስድብ ስለሆነ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። የቀረውን እነሆ። ድሬ ነንና አንቱታ ያጎደልኩበት ካለ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በሴፍቲኔት (በመንግሥት የድሆች መደገፊያ ፕሮግራም) ሠርተው የሚከፈላቸውና ቀጥታ ድጋፍ የሚባሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለአሳይመንት ነው።

መልስ፦ ለአሳይመንት መሆኑን ባትነግረኝም ገብቶኝ ነበር። ጠዋት መጥረጊያ ይዘው መንገድ የሚያጸዱት፣ ቦይ የሚጠርጉት ሠርተው ነው የሚከፈላቸው። ቀጥታ ድጋፍ መሥራት ለማይችል ነው፤ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ በሽታ ለጣለው ሰው። ከእነሱ የጉልበት ሥራ አይጠየቅም። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት። በዕቅዱ ከተጠቃሚው 84 በመቶው ሠሪ፣ 16 በመቶው ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ ነበር። ሠሪዎቹ ካገኙት 20 በመቶውን መቆጠብ ነበረባቸው። የገጠሩ ይቀድማል፣ በ1997 ነው የተጀመረው። ሌላውን ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከዚራ ነኝ። አንድ ጎረቤቴ ድጋፍ በተቀበለ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። የሕዝብ ብር ጫት ላይ ሲያልቅ ዝም ይባላል?

መልስ፦ አቦ፣ በድሬ ከሰዓት በኋላ ማን የት እንደሚቀመጥ እንተዋወቃለን። ደሞዝተኛውስ ደሞዙን ምን ያደርገዋል? እሱን ማንም ደብዳቤ አይጽፍበትም።

ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ 19 ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። ለድሃ የተሰጠ ብር መጠጥና ትምባሆ ላይ የሚወጣውን ወጪ አልጨመረም፤ እንዲያውም በመጠኑ ቀንሶ ነው የተገኘው። የሚያወራው ስለ መጠጥና ትምባሆ ስለሆነ ጫት ላይ ልምልበት አልችልም። የጎረቤትህ ነገር እውነት ከሆነና ልጆቹ ጦማቸውን የሚያድሩ ከሆነ ግን፣ ከደብዳቤው ይልቅ አንድ ቀን ልጆቹን ምሳ ጥራቸው።

ጥያቄ፦ ብር ማግኘቴን ጎረቤት ሰምቷል። ቡና ማፍላት አለብኝ ወይ?

መልስ፦ አፍዪ። ስኳሩን ግን አንቺ ጨምሪላቸው፣ የስኳሩን ዕቃ አታቅርቢ።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባል የለኝም። ማታ ማታ ሳንቡሳ እሸጣለሁ። አንድ ድርጅት መረጠኝና «24,000 ብር በአንዴ ወይስ በወር 2,000 ለአንድ ዓመት?» አለኝ። ሱቅ 4,800 ብር ዱቤ አለብኝ። እህቴ «በአንዴ ከወሰድሽው ይበተናል» እያለች ታስፈራራኛለች።

መልስ፦ ይቺን ደብዳቤ ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኳት። ከቀሩት ሁሉ የበለጠ ቦታ ብትወስድ አይድነቃችሁ።

ከጥናቱ ልጀምር። ምዕራብ ኬንያ ራሪዳ በሚባል አካባቢ ለድሆች ብር ሲሰጥ ግማሹ በየወሩ፣ ግማሹ በአንድ ጊዜ እንዲወስድ በዕጣ ተለየ። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በየወሩ የተቀበሉት ምግባቸው ይበልጥ ተስተካከለ። በአንዴ የተቀበሉት ደግሞ ዘላቂ ነገር ላይ አዋሉት። እዚያ አገር ብዙዎች የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ ይቀይሩበታል። ስለዚህ እህትሽ «ይበተናል» የምትለው በዚያ አልታየም። የወር የወሩን የሚያናንቁትም ልክ አይደሉም፣ ልጆች በልተዋልና።

ሌላም አለ፣ እዚያው ኬንያ። ለአንዳንድ መንደሮች ለ12 ዓመት በየወሩ ሊሰጥ ቃል ተገባ፣ ለሌሎች ለሁለት ዓመት ብቻ፣ ለሌሎች ደግሞ 500 ዶላር በአንድ ጊዜ ተሰጠ። ንግድ የከፈቱት በይበልጥ በአንዴ የተቀበሉትና የ12 ዓመቱ ተስፋ ያላቸው ናቸው። የ12 ዓመቶቹ ምን አደረጉ? ዕቁብ ገቡ! የእኛው ዕቁብ ነው፣ እነሱ በራሳቸው መጠሪያ ይጠሩታል። ብሩ እንደማይቀር ስለሚያውቁ የወር የወሩን በዕቁብ ወደ አንድ ጊዜ ብር ለወጡት።

አሁን ወደ 4,800ዋ ልመለስ። እኔ የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ እሷ ናት እላለሁ። ዱቤ ያለበት ሰው ዋጋ አይጠይቅም። ባለሱቁ ዘይቱን በስኒ ሲሰፍርልሽ፣ ስኳሩን በትንሽ ፌስታል ሲቋጥርልሽ «ስንት ነው?» ማለት ያስፈራል፤ «የድሮውን መቼ ነው የምትከፍዪው?» የሚል ይከተላላ። ሌላ ሱቅ መሄድም አትችዪም፣ ካየሽ ይቀየማል። ቀፊራ ገበያ ወርደሽ አንድ ሊትር በአንዴ ብትገዪ እንደሚረክስ ታውቂያለሽ፤ ግን የአንድ ሊትሩ ብር በእጅሽ የለም። ድሃ ውድ ነው የሚበላው። ባለሱቁን ክፉ አልልም፣ ስንቱን ቤት በክፉ ቀን ያቆመው እሱ ነው። ግን ደብተሩ ላይ ስምሽ እስካለ ድረስ ምርጫሽ እሱ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ያለ ግዴታ የተሰጠ ብር አንድ ቤት ውስጥ ምን ለወጠ ሲሉኝ፣ የእኔ መልስ ሴትየዋ ዋጋ መጠየቅ ጀመረች ነው። ወዲያው ደግሞ መከራከር። ሥጋ በልታለች ወይ፣ ቴሌቪዥን ገዝታለች ወይ የሚለው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ላንቺ የምመክርሽ፦ መጀመሪያ ድርጅቱን «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በየወሩ ስጡኝ» በያቸው። አፍ አለሽ፣ ጠይቂ። እምቢ ካሉ በአንዴ ውሰጂው። አንድ ዓመት ቆይቶ 2,000 ብር ዛሬ የሚገዛውን እንደማይገዛ ለመናገር የኢኮኖሚ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በዚያው ቀን 4,800ዋን ከፍለሽ ስምሽ ከደብተሩ ሲሰረዝ በዓይንሽ እዪ። ከዚያ ለሳንቡሳው ዱቄትና ዘይት በብዛት ግዢ። የቀረውን ባንክ አስገቢው፣ ቤት አታሳድሪው፤ ለእህትሽም አታበድሪያት (ደብዳቤውን ሳነበው እሷ ላይ ትንሽ ጠርጥሬያለሁ)። የወሩን ከመረጥሽ ደግሞ የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ያስቀምጡልሽ። ብር በዘገየ ቁጥር ደብተሩ ይከፈታል። እንዲያውም መጠኑ አንሶ ቀኑ የማይዛነፍ ይሻላል፣ ብዙ ሆኖ «ይመጣል፣ ይመጣል» ከሚባለው።

ጥያቄ፦ ሳቢያን የማስተምር መምህር ነኝ። ብሩን «ልጅህን ትምህርት ቤት ካልላክህ አታገኝም» ብሎ መስጠት አይሻልም?

መልስ፦ በከፊል ልክ ነህ። ማላዊ ዞምባ ላይ ለልጃገረዶች በሁለቱም መንገድ ተሞክሯል። በትምህርት ገበታ ላይ በማቆየት ግዴታ ያለበት በለጠ። ግን ያለ ዕድሜ ጋብቻና እርግዝና ይበልጥ የቀነሰው ያለ ግዴታ በተሰጣቸው ዘንድ ነው። ለምን ብትል፣ ግዴታ ያለበት ብር ከትምህርት ስትቀር ይቆማል። ያቋረጠችው ልጅ ብሩን በጣም በምትፈልግበት ሰዓት ባዶ እጇን ትቀራለች። አንተ ከክፍል የጠፋችውን አታያትም፣ እኔ ስለ እሷ ነው የምጨነቀው።

ጥያቄ፦ ሾፌር ነኝ። ብሩ በሚስቴ ስም ይገባል። እኔ አባወራው እያለሁ! ቤት ስገባ እየተናደድኩ፣ እጄ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ስለ አባወራነቱ ብዙ አልልም። እዚያው ራሪዳ ለባል ወይም ለሚስት በዕጣ ሰጥተው አወጣጡ ላይ ብዙም ልዩነት አላገኙም። በአንተ ስም ቢሆንም ያው ዘይትና ጤፍ ነው የሚገዛው።

ስለ እጅህ ግን አልቀልድም። ለሴት ብር መስጠት ቤት ውስጥ ድብደባን ይቀንሳል ወይስ ያባብሳል ብለው ካጠኑት አብዛኞቹ ያገኙት መቀነሱን ነው። አንተ ከአብዛኞቹ ውጭ እንዳትሆን። ሲብስብህ ከቤት ውጣ። በዚህ ሳምንት የምታከብረውን ሽማግሌ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግር፤ ሁለቱንም ብታደርግ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። ሚስትህ ይህን ካነበበች፦ እጁን ካነሳብሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ፣ የሴቶችና ሕጻናት ክፍል አላቸው። «ትዳሬ» እያልሽ እንዳትቆዪ።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ሸዋ በር ነው ሱቄ። ለድሃ ብር ስለሚታደል ነው እቃ የተወደደው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ባለሱቅ ሆነህ እኔን መጠየቅህ! በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወር ውስጥ 100 አለፈ። ያንን ትተን ቀጥታ ድጋፍ የምትቀበለዋን አሮጊት እንክሰስ?

ኬንያ ሲያያ ውስጥ ከ10,000 ለሚበልጡ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ሲሰጥ የአካባቢው ዋጋ የጨመረው 0.1 በመቶ ገደማ ነው። ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ተጠቅመዋል፣ ብሩ እንዳንተ ባሉ ሱቆች ዞረና። ሌላ ቦታ ግን እንዲህ አልሆነም። ፊሊፒንስ ውስጥ ሩቅና ብዙ ቤተሰብ በተረዳባቸው መንደሮች እንቁላልን የመሰሉ ቶሎ የሚበላሹ ምግቦች ተወደዱ፣ ያልተረዱ ቤቶች ሕጻናትም ተጎዱ። ሐረር ግን ገበያ የሞላባት ከተማ ናት፣ ያ ስጋት ብዙም አይመለከታትም።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀጥታ ድጋፍ ካገኘች ወዲህ ምግብ አላጣችም። ግን አትተኛም፣ አትበላም፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ፣ ብሞት ይሻላል» ትላለች። ብሩ ሲመጣ ይሻላታል ብለን ነበር።

መልስ፦ ብር ጭንቀት ይቀንሳል፣ ኬንያ የተደረገው ጥናትም ያሳያል። እናትሽ የያዛት ግን ሕመም ሊሆን ይችላል። ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ጠበል ቢሆን ዱዓ ቢሆን ከሕክምናው ጎን ይሁን እንጂ በምትኩ አይሁን። ድል ጮራ ሆስፒታል ወስደሽ የተናገረችውን ቃል በቃል ለሐኪሙ ንገሪው። ነገ አትበዪ። እስክትታይ ድረስ ብቻዋን አትተዪያት፣ መድኃኒትና መርዝ ነክ ነገር ከአጠገቧ አርቂ። ከዚያ በኋላ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ አከራዬ ብር ማግኘቴን ሰምቶ ኪራይ ጨመረብኝ። ይችላል?

መልስ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እንዲህ እንደፈለጉ መጨመርን ለመገደብ የወጣ ነው፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የተጻፈ ውል አለህ? የሕግ ባለሙያ አማክር። (ጆሮው ግን እንዴት ደረሰበት?)

ጥያቄ፦ ታይዋን ገበያ ነጋዴ ነኝ። በረመዳን ለሦስት ቤተሰቦች ሩዝ፣ ዘይትና ቴምር አከፋፍላለሁ። በብር ልቀይረው?

መልስ፦ ቀይረው። ሩዙን መልሰው የሚሸጡት አሉ፣ ያውም በርካሽ። ከቻልክ አንዴ ከመስጠት በየወሩ ከፋፍለህ፣ ቀኑንም አስቀድመህ ንገራቸው። ፎቶ አታንሳ። ቴምሩን ግን አታስቀር፣ ልጆቹ ለምደውታል።