ልጄ ሲያለቅስ ድምፁ ለምን አይሰማም?

ጥያቄ፦ ልጄ በ29 ሳምንቱ ተወለደ፣ 1.2 ኪሎ ነው። መተንፈስ ስላቃተው በአፉ ቱቦ ገብቶለት በማሽን ነው የሚተነፍሰው፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ። ፊቱን ጨምድዶ ሲያለቅስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። ትናንት ደግሞ ኦክስጅኑን ከ45 ወደ 30 በመቶ አወረዱት። ተስፋ ቆርጠውበት ይሆን? ሐኪሞቹን ለመጠየቅ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ ልጀምር። ሁላችንም የምንተነፍሰው አየር ራሱ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይወርድ ከ45 ወደ 30 መውረድ ከቻለ፣ ሳንባው እየበረታ ነው ማለት ነው። ደግሞም ኦክስጅን ሲበዛ ያለጊዜው የተወለደ ልጅን የዓይን ደም ሥሮች ይጎዳል። እግሩ ላይ የታሰረችው፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካው ቀይ መብራት የምታሳየው ቁጥር 100 ካልገባ ብለሽ አትጨነቂ፤ ኦክስጅን እየተሰጠው ሳለ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ90 እስከ 95 ነው።

ድምፁ አልጠፋም። ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መሃል ስለሚያልፍ ነው የማይሰማው። ሲወጣለት ትሰሚዋለሽ፣ ለጥቂት ቀን ሻከር ሊል ይችላል።

ማሽኑ ያስፈለገው ሰርፋክታንት የሚባለው፣ በሳንባ ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ በበቂ መጠን የሚገኘው ወደ 34 እና 35 ሳምንት ገደማ ስለሆነ ነው፤ ልጅሽ ደግሞ ቀድሞ መጣ። ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጠው አየር ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። እሱም ቢሆን ቀን በበዛ ቁጥር ስስ ሳንባን ይጎዳል፣ ለዚህ ነው ሐኪሞች ቶሎ ሊያላቅቁት የሚጣደፉት። ካፌይን ሊሰጡት ይችላሉ (አዎ፣ ቡና ውስጥ ያለው ራሱ!)፤ መተንፈስ እንዳይረሳ ይቀሰቅሰዋል። ከቱቦው ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ ግፊት ያለው አየር የሚሰጠው ሲፓፕ ይመጣል። አንዳንዴ ቱቦው ወጥቶ ተመልሶ ይገባል፣ ያኔ አትደንግጪ፣ በእነዚህ ልጆች የተለመደ ነው።

እጅሽን ታጥበሽ መዳፍሽን ራሱና እግሩ ላይ ዝም ብለሽ አሳርፊ፤ ማሻሸቱ ይረብሸዋል። ጡትሽንም እለቢ፣ በቀጭን ቱቦ ጠብታ ጠብታ ሊሰጡት ይችላሉ። ጥያቄውንም አትፍሪው። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ማሽኑ ተቀነሰለት ወይስ ተጨመረለት?» በያቸው።