ላፕቶፕ ውስጥ 4ጂ ካርድ ማስገባት፦ ጥያቄና መልስ ከብሩክ ጋር

ብሩክ፦ ዛሬ ማታ አለሁ፣ ጠይቁ። 4ጂ ካርድ ስል ላፕቶፑ ውስጥ የሚሰካውን፣ በሲም ኢንተርኔት የሚያስገባውን ሞደም ነው። ሞዴል ሳትጽፉ ግን አትጠይቁ።

ማሂ፦ ብሬ፣ ያገለገለ ቲንክፓድ ኤክስ260 ገዝቻለሁ። 4ጂ ካርድ ይቀበላል?

ብሩክ፦ ይቀበላል። ግን ብር ከማውጣትሽ በፊት ከታች ክፈቺውና የአንቴና ሽቦ ፈልጊ። ግራጫና ጥቁሩ የዋይፋይ ነው፣ እሱን አትንኪው። የ4ጂው ቀይና ሰማያዊው ነው። ያለ 4ጂ የተሸጠ ማሽን ብዙ ጊዜ ማስገቢያው አለው፣ ሽቦው የለውም። ሽቦው በማጠፊያው አልፎ ስክሪኑ ዙሪያ ነው የሚሄደው። በኋላ ልዘርጋ ካልሽ ስክሪኑን መፍታት ነው፤ ያኔ ይቅርብሽ። ሽቦው ካለ ኢኤም7455 የሚባለውን 4ጂ ካርድ ፈልጊ፣ የቲንክፓድ አምራች የሌኖቮ ቁጥር የተለጠፈበትን። ከመክፈትሽ በፊት ደግሞ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም) ገብተሽ የውስጥ ባትሪውን አጥፊ። የውጪውን መንቀል ብቻ አይበቃም።

ቢኒ፦ የኔስ ይሰራል?

ብሩክ፦ የአንተ ምን?

ቢኒ፦ ኤችፒ ነው።

ብሩክ፦ ኤችፒ ስንት ዓይነት አለው! ሞዴል።

ኪሩ፦ የስልክ ሆትስፖት እያለ ይሄ ሁሉ መከራ ለምን?

ሄኖክ፦ ስልክህ ባትሪ ሲጨርስ ትነግረናለህ።

ኪሩ፦ ፓወር ባንክ የሚባል ነገር አለ እኮ።

ሄኖክ፦ እሱንም ተሸከም፣ ኬብሉንም ተሸከም። ከዛ ታክሲ ውስጥ ዘርጋው።

ብሩክ፦ ጭቅጭቁን ሌላ ቦታ። ሆትስፖት የሚበቃው ሰው እዚህ ምን ይሠራል?

ዳዊት፦ የኔ ቲንክፓድ ኤክስ230 ነው። አጎቴ ከአሜሪካ ኤምሲ7700 የሚባል 4ጂ ካርድ ላከልኝ። ስሰካው 1802 የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ቀጥ ይላል። ካርዱ ተበላሽቶ ነው?

ብሩክ፦ ካርዱ ደህና ነው። ባዮሱ ውስጥ የተፈቀዱ ካርዶች ዝርዝር አለ፤ ያንተ እዛ ውስጥ የለም። ይሄ ነገር ሁሌ ያናድደኛል። ያው ካርድ፣ ያው ፋብሪካ፣ የሌኖቮ መለያ ስለሌለው ብቻ ማሽኑ አልነሳም ይላል! ባዮስ ቀይረው ዝርዝሩን የሚያጠፉ አሉ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን ማሽኑ ከነጭራሹ አይነሳም። ደግሞ ቢያልፍልህስ? ኤምሲ7700 4ጂው ለአሜሪካ ነው፣ ባንድ (የሞገድ ክልል) 4 እና 17። እኛ ጋ የምትፈልገው ባንድ 3 ነው፣ 1800 ሜጋኸርዝ። 3ጂ ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። ካርድ ስትገዙ ባንዱን እዩ፣ ከዛ በፊት ሽቦውን።

ሰላም፦ ሳፋሪኮም ይሻላል ኢትዮ ቴሌኮም?

ብሩክ፦ ሰፈርሽ የሚይዘው።

ያሬድ፦ ኢኤም7455 ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ይታየኛል፣ ግን አይገናኝም።

ብሩክ፦ ጥሩ ጥያቄ። ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ሬዲዮው ተቆልፎ ነው፤ ኤፍሲሲ ሎክ ይሉታል። ዊንዶውስ ላይ የአምራቹ ሶፍትዌር ይከፍተዋል። ሊኑክስ ላይ ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ሞደም ማናጀር፣ ከስሪት 1.18.4 ጀምሮ በራሱ አይከፍትም። የመክፈቻ ስክሪፕቶቹ አብረው ይጫናሉ፣ የምታበራው ግን አንተ ነህ። የካርድህን መለያ ቁጥር የያዘውን ስክሪፕት ፈልገህ አብራ፣ ሞደም ማናጀርን እንደገና አስነሳ።

ሄለን፦ ላፕቶፔ ኤክስ250 ነው። ካርዱን ገዛሁት፣ ሽቦ ግን አላየሁም።

ብሩክ፦ ምን አልኩ ከላይ? ካርዱን መልሽና የዩኤስቢ ሞደም ግዢ።

ያሬድ፦ ብሬ፣ ተከፈተ! ሲግናል አለ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ብሩክ፦ ኤፒኤን፣ ማለት ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባህን የኔትወርኩን መግቢያ ስም፣ አልሞላህም። ኢቲሲ ዶት ኮም በል።