አንግል ወይስ ቱቦላሬ? እኔ በገንዘቤ ተምሬዋለሁ

ወንድሜ፣ «ለመጋዘን ጣሪያ አግዳሚ ብሬሲንግ አንግል ልግዛ ወይስ ቱቦላሬ?» ብለህ ጠይቀህ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። (አንግል የኤል ቅርጽ ያለው ብረት ነው፤ ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፤ ብሬሲንግ ደግሞ ጣሪያው እንዳይወዛወዝ በሰያፍ የሚያስረው ብረት።) «አንግል ርካሽ ነው፣ ግዛ» ያሉህን ለጊዜው እለፋቸው። እኔም ያንኑ ሰምቼ ነው የተቃጠልኩት።

1. ብረቱ የሚሳብ ብቻ ነው ወይስ የሚገፋም? ንፋስ የመጋዘኑን ፊት ሲመታ ኃይሉ በጣሪያው ብሬሲንግ ተሻግሮ ወደ ጎን ብሬሲንግ፣ ከዚያ ወደ መሠረት ይወርዳል። በኤክስ ከታሰረ አንዱ ሲሳብ ሌላው ቢላላ ችግር የለውም። ለመሳብ አንግል አያሳፍርም። አንዱ ሰያፍ ብቻውን ከሆነ ግን ንፋሱ ሲዞር መገፋቱንም መቻል አለበት።

2. አንግል ከሆነ ኤክሱን እንዳትነካው! የኔ ጉድ እዚህ ጋ ነው። ዱከም ላይ የእንጨት ሥራ ሼድ ሳሠራ ስዕሉ ኤክስ ይላል። በያጁ «ከኤክሱ አንዱ ሰያፍ ይበቃል፣ ምን ብረት ያስፈጅሃል» አለኝ። ግማሽ ብረት አተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። 50 በ50 በ5 ሚሊ ሜትር አንግል፣ ወደ 6 ሜትር የሚረዝም፣ ባንድ ሰያፍ ብቻ ተበየደ። ከታች ቆሜ ቀና ስል መሃሉ ረግቧል። ሲባጎ ወጥረን ለካነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ገና በራሱ ክብደት! ንፋሱ ሲጀምር ደግሞ ጣሪያው ይንጫጫል፣ የቆርቆሮው ብሎኖች ላሉ፣ ክረምት ሲገባ ውሃው ጣውላዬ ላይ ወረደ።

ስዕሉን ላስቀይር ፈቃድ ቢሮ ብሄድ ባለሙያው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ማንበብ አትችልም? ስዕሉ ላይ ያለውን ሥራ» አለኝ። ሦስት ቀን ተመላልሼ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነው። የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው።

3. በክብደት አትሸወድ። መሐንዲስ ጓደኛዬ በወረቀት ያሳየኝን ልንገርህ። ርዝመቱን ለብረቱ ትንሹ «ራዲየስ ኦፍ ጃይሬሽን» (ብረቱ ከመሃሉ ምን ያህል ርቆ እንደተሰራጨ የሚያሳይ ልኬት) ታካፍላለህ። ለሚገፋ ብረት ከ200 ባያልፍ ይመከራል። የኔ አንግል ከ600 በላይ ወጣ! ወፍራሙን 80 በ80 በ8 አንግል ብትወስድ እንኳ፣ በሜትር 9.6 ኪሎ እየመዘነ ወደ 385 ነው። 80 በ80 በ3 ቱቦላሬ ግን 7 ኪሎ ገደማ መዝኖ 190 አካባቢ ይሰጥሃል። ቀለል ብሎ ይበልጣል። ብረቱ ከመሃል ርቆ ዙሪያውን ስለሆነ በየትም በኩል እኩል ይጠነክራል። አንግል ግን ሲገፋ በደካማ ጎኑ ይጎብጣል።

እኔ ሁሉንም አስወርጄ ቱቦላሬ አስገባሁ። የመበየጃ፣ የማውረጃ፣ የስካፎልድ ኪራይ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ዛሬ ጎረቤት ባለ ሼዶች እየመጡ ያዩታል፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ዓይን ላይ አይረግብም።

ቱቦላሬ ስትገዛ ካሊፐር ይዘህ ሂድ። «ባለ 3 ነው» ብሎ የሸጠልኝ ሰው 2.5 ነበር ያስጫነኝ፤ ስመልስለት «ሚዛን ላይ ያው ነው» ብሎ ሊያደርቀኝ ነበር። ጫፎቹን ደግሞ በላሜራ አስዘጋቸው፣ ውስጡ ውሃ ከገባ ከውስጥ ይበላዋል።

ኤክሱን ሙሉ የምታስር ከሆነ ግን አንግልህን ግዛ፣ መገናኛው ላይ በቡሎን እሰረው።

የወረደው አንግል? የጣውላ መደርደሪያ አድርጌዋለሁ። ለመደርደሪያ አንደኛ ነው።