ቢራ ሜኑ ላይ ቦታ ይሰጠው ወይ ላልከው

አቦ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ለምትከፍተው ሬስቶራንት ቢራ ከወይን እኩል ሜኑ ላይ ይግባ ወይ ብለሃል። በደንብ ይግባ! ብቻ ስሙንና ዋጋውን ጽፈህ አትለፍ። ጣዕሙን፣ የአልኮል መጠኑንና የሚሄድበትን ምግብ ጨምርበት። የእኛው ሐረር ቢራ ያወጣውን ሐኪም ስታውት የተባለውን ጥቁር ቢራ እንውሰድ። የስታውት ጥቁረት የሚመጣው በደንብ ከተቆላ እህል ነው፤ ለዚህ ነው ቡና ቡና የሚለው። ከጥብስ ጋር ግሩም ነው፣ ከቸኮሌት ኬክ ጋር ደግሞ ይበልጥ ይጥማል። መራራ ቢራን ግን በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር አታጣምር፤ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ለዓሣ ቀለል ያለ የስንዴ ቢራ ይሻላል።

አደራ፣ ድሬ ሞቃት ናት ብለህ ሁሉንም በረዶ አታድርገው። በጣም ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይጠፋል። ጥቁሩን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ በወይን ብርጭቆ አቅርበው። አስተናጋጆችህንም ቀድመህ አስቀምሳቸው።